የሄርሼል ጆሮ እኔ ነኝ

ባሌ ሄርሼል ጸደይ በመጣ ቁጥር ያብዳል። እኔ ሚስቱ ላቮን ደግሞ እሱ ባበደ ቁጥር እጣላዋለሁ። ሌላው የሚዙሪ ሰው ዛፉ ነጭ አበባ ሲያወጣ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን አበባውን ሳይ "ይኸው፣ መጣ ጉዱ!" ነበር የምለው። በሚያዝያ የዚያ ተርኪ የሚባል ትልቅ የዱር ወፍ አደን ይከፈታላ! ያን ጊዜ እኔ ባል የለኝም። ገና በጨለማ ይነሳል፣ ጫማውን በዳበሳ ሲፈልግ ወንበር ይገለብጣል፣ ከዚያ ጫካ ገብቶ ዛፍ ሥር ይጎለታል። አውራ ተርኪ ሊያታልል! ሴት ተርኪ መስሎ! ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት!

ወቅቱ ሳይከፈት ደግሞ ወጥ ቤቴ ውስጥ ልምምድ አለ። መጥሪያው ከጥድ እንጨት የተሠራች ትንሽ ሳጥን ናት፤ ክዳኗን በጠርዟ ላይ ሲፍቁት ልክ እንደ ሴት ተርኪ ትጮኻለች። ክያው፣ ክያው፣ ክያው። ድንች ስልጥ ክያው፣ ስልክ ሳናግር ክያው። አንድ ቀን አንገፍግፎኝ "ሄርሼል፣ ወይ እኔን ወይ ሳጥኑን ምረጥ!" አልኩት። ሰውየው ቆም ብሎ አሰበ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አሰበ!

ይህን ሁሉ የማወራችሁ፣ ዘንድሮ ወቅቱ በተከፈተ ማግስት ጎህ ሲቀድ አልጋ ላይ ሳገኘው ለምን እንደደነገጥኩ እንዲገባችሁ ነው። ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ እያየ ተኝቷል። ሄርሼል! በሚያዝያ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄርሼል ዕድሜውን የጨረሰው እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ነው፤ መጋዙ ጆሮውን በላው። ቀጭን ድምፅ አይሰማም። የወፍ ጫጫታ፣ የስልክ ጥሪ፣ የልጅ ልጆቹ ወሬ ሁሉ ቀርቶበታል፤ እሱ እንደሚለው ደግሞ የእኔ ጭቅጭቅም ቀርቶለታል። ጆሮው ውስጥ የሚሰካ የመስሚያ መሣሪያ ገዝተንለታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይረዳዋል። ጫካ ውስጥ ግን ንፋሱንና የደረቀውን ቅጠል አጉልቶ ይደፋበታል እንጂ፣ ወፉ በየት በኩል እንደጮኸ አይነግረውም። ተርኪ አደን ደግሞ ጆሮ ነው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

የሚያድኑበትን መሬት አባታቸው የተወው ለሄርሼልና ለታናሽ ወንድሙ ለዶይል እኩል ነው። እዚያው የሚኖረው ግን ዶይል ስለሆነ የአጥሩ በር ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ ሰው ወፍ ሲጠራ ከሰማህ ዞር ብለህ በሌላ በኩል ትሄዳለህ። የሰው ወፍ ላይ አትገባም። ይህን ያፈረሰ ሰው ስሙ ከዶሮ ሌባ ጋር ነው የሚነሳው።

አደኑ በተከፈተበት ጠዋት ዶይል ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወፍ እየጠራ ነበር። አውራው እየመለሰለት፣ እየቀረበ፣ ዶይል ጠመንጃውን ደግኖ ጣቱ ቃታው ላይ እንዳለ ከፊቱ ያለው ቁጥቋጦ ተነቃነቀ። ከውስጡ ብቅ ያለው ሄርሼል ነው። ዶይል ስሙን ጠራው፤ አልሰማም። ጮኸበት፤ ድንጋጤ ድምፁን አቅጥኖት ነበርና አልሰማም። ጠመንጃውን ጥሎ እጁን እያወናጨፈ ሲነሳ ነው ወንድሙ ያየው።

ቤታችን ሲመጣ የዶይል ፊት አመድ መስሎ ነበር። "ላቮን፣ ወንድሜን ልገድለው ነበር" አለኝና ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ልዋሽ። እስከዚያ ድረስ ከዶይል ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ጠቡ የመጣው ቀጥሎ በተናገረው ነው።

"ከእንግዲህ በቃው" አለ ፊቱን እየጠረገ። "ያለችውን ዕድሜ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥኑን ይይ። ወቅቱ ሲዘጋ የበሩን ቁልፍ እቀይራለሁ። ለልጆቻችሁም ደውዬላቸዋለሁ፤ በአደኑ የመጨረሻ እሑድ መጥተው ጠመንጃውን ይወስዱታል።"

ይህን ሁሉ ሲል ሄርሼል አጠገቡ ተቀምጧል! ስለ እሱ፣ በእሱ ፊት፣ ለእኔ! የሚሸጥ በሬ ነው እንዴ? ሄርሼል ግን አንገቱን እንደደፋ ቀረ። የሰው ወፍ ላይ ገብቷላ፤ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን። ከመጋዙ ይልቅ እፍረቱ ነው ያደነቆረው።

እናም በማግስቱ አልጋ ላይ አገኘሁት።

"አትነሳም እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት።

"ምን ልሠራ?"

"ተርኪ ልትገድል ነዋ!"

"ዶይል ልክ ነው" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ቀን ወንበሩ ላይ ዋለ፤ በነጋታውም እንደዚያው። ቴሌቪዥኑን መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ አስጩሆ ድስት የሚያሻሽጡ ሰዎችን ያያል። የማይጣበቅ ድስት! ድስቱን እንኳ አያየውም፤ ዓይኑ ብቻ ነው እዚያ ያለው። ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኬን "እባክህ ቤት ዋል" እያልኩ የለመንኩት ሰውዬ ቤት ሲውል አየሁትና ልቤ ተቆረጠ። ይህ ሰው ጠመንጃውን ከወሰዱበት እዚያ ወንበር ላይ ነው የሚሞተው፤ ቀስ ብሎ፣ ድስት እያየ። እንደዚያ የሚሞተውስ በእኔ ሬሳ ላይ ነው!

ሄጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁትና ከፊቱ ተገተርኩ።

"ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።"

"የት?"

"ጫካ!"

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። "አንቺ? ፀሐይ ስትወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"በፎቶ አይቻለሁ። ስማኝ፤ እኔ እሰማለሁ፣ አንተ ትተኩሳለህ። ሰው ሲጠራ ከሰማሁ ኮትህን ይዤ እመልስሃለሁ። ማንም ላይ አትገባም። ከዛሬ ጀምሮ ጆሮህ እኔ ነኝ።"

ለዶይልም ደወልኩለት። "ነገ እኛ በደቡብ በኩል ያለው ሸንተረር ላይ ነን። አንተ በሰሜን ሁን።"

"ላቮን፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።"

"እኔስ መቼ ቀለድኩ? የመሬቱ ግማሽ የማን ሆነና? ቁልፉን ብትቀይር በአጥሩ ነው የምገባው፤ በዚህ ዳሌዬ ሽቦው ላይ ተሰቅዬ ከቀረሁ ለቀባሪው አንተ ታስረዳለህ!"

"ልጆቹ በመጨረሻው እሑድ ይመጣሉ" አለ ዶይል።

"ይምጡ። እስከዚያ ያለው ጠዋት ሁሉ የኛ ነው" ብዬ ዘጋሁበት።

አፌ ደፋር ነው፤ ሰውነቴ ግን አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን የሰዓቱ ማንቂያ ደወል ሲጮህ እውነት ለመናገር ዶይል ልክ መስሎኝ ነበር። ውጭው ብርድ፣ ድቅድቅ ጨለማ፣ ከእንቁራሪት በቀር የነቃ ፍጥረት የለም። ተያይዘን ሸንተረሩን ወጣንና ጀርባችንን ለአንድ ዛፍ ሰጥተን ተቀመጥን። ሄርሼል በወፍራም ድምፁ እንደ ጉጉት አጓራ፤ ዛፍ ላይ ያደረ አውራ ተርኪ የጉጉት ድምፅ ከሰማ ሳይወድ በግድ ይሳደባል፤ ስድቡ የመጣበትን አቅጣጫ በእጄ የማሳየው እኔ ነኝ። ሲነጋ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

"የት ነው?"

"ምንም አልሰማሁም።"

"አንኮራፍተሽ ነዋ።"

"አንተ ምን ሰምተህ!"

"ዛፉ ሲነዝር ጀርባዬ ነገረኝ" አለኝ።

በሌላው ቀን ሰማሁ፤ አቤት እንዴት ሰማሁ! በእጄ ጠቆምኩ፣ ሸንተረሩን እያለከለክን ወጣን። ለካ የገደል ማሚቶ ኖሯል፤ ወፉ የነበረው ከተነሳንበት ጀርባ ነው። ከዚያ ዝናብ ዘነበ። ከዚያ ደግሞ ሴቶቹ አውራውን ከበው፣ እንደ ሙሽራ አጅበው ይዘውት ሄዱ። መዥገሩ ተጣበቀብኝ፤ የት የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር እየተዘመረ እንቅልፍ ጣለኝና ፓስተሩ ሳይቀር አየኝ። ዶይል መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ "እንዴት ነው ጆሮው?" ይለኛል። "ካንተ ምላስ ይሻላል" እለዋለሁ።

የከፋው ነገር ግን ሳጥኗ ነበረች። ሄርሼል የገዛ ጥሪውን አይሰማውም፤ ስለዚህ ጠንክሮ ይፍቃታል። ያቺ ወጥ ቤቴ ውስጥ የማውቃት ድምፅ ጠፍታ እንደ ዛገ በር ትንቋረራለች። ወፎቹ ሲሰሟት ጭጭ ይላሉ። እሱ ደግሞ ጭጭ ማለታቸውን አያውቅም።

"ሄርሼል፣ ምን እንደምትመስል ታውቃለህ? ባሏን ፖሊስ የወሰደባት ተርኪ!"

"ይህን ያህል?"

"አምጣት ወዲህ!"

ነጠቅኩት። ያችን ሳጥን በእጄ ነክቻት አላውቅም፤ ጆሮዬ ግን በየጸደዩ በእሷ ሲሰቃይ ኖሯል። ክዳኗን ቀስ ብዬ ሳብኩት። ክያው። ለሰስ አድርጌ፣ መጨረሻው ላይ ልቅቅ። ክያው፣ ክያው። ሄርሼል ድምፁን ሳይሆን እጄን ነው የሚያየው።

"እንዴት ነው?" አለኝ።

"ያንተው ነው" አልኩት። "ድሮ የምትጠራው፣ ልክ እሱ።"

ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። ያን ሁሉ ዘመን ስረግማት የኖርኩት ድምፅ እኔ ውስጥ መቀመጧን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ግን አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላው ሳምንትም ተከተለ፣ ወፍ የለም። አንድ ጠዋት ሄርሼል አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ "ላቮን፣ ይብቃን። ጉልበትሽን ጨረስኩት" አለኝ።

"ጉልበቴ ጠበቃ አልገዛም! ጫማህን አድርግ!"

ጫማውን አደረገ።

ልጆቹ ሊመጡ የቀራቸው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ብቻ ሆነ። ዓርብ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሄርሼል እንደ ጉጉት ሲያጓራ ከወንዙ ማዶ "ጉብልብልብልብል!" የሚል ድምፅ ጆሮዬን በጥፊ መታኝ። እጅጌውን ይዤ ጠቆምኩ። ተቀመጥን፤ እሱ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ እኔ ሳጥኗን ያዝኩ። ለሰስ አድርጌ ጠራሁት። መለሰልኝ። ደግሜ ጠራሁት፤ ክዳኗን ሳልለቅ መለሰልኝ። ከዛፉ ወረደ፣ ወደኛ መጣ፣ መጣና ወንዙ ዳር ማዶ ላይ ቆመ።

ቆመ ስላችሁ ቆመ። የተርኪ ሕጉ እንዲህ ነው፤ አውራው ጅራቱን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይጠብቃል፤ የምትሄደው ሴቷ ናት። አዳኝ የሚለፋው ይህን ሕግ ለመገልበጥ ነው። የኔው ጌታም ማዶ ሆኖ "ነይ!" ይላል። እኔ "ና" እላለሁ። እሱ "ነይ!" ይላል። ስንት ጊዜ እንደተባባልን እንጃ። ሄርሼል በጣቱ "ጥሪው፣ ጥሪው" እያለ ምልክት ይሰጠኛል።

የኛ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወፉ ስለመለሰለት ደስ ይለዋል፣ ይጠራል፣ ይጠራል፤ ወፉ ደግሞ "ይቺማ እየመጣች ነው" ብሎ እስከ ዕለተ ምጽአት ይቆማል። ሄርሼል ይህን አጥቶት አይደለም፤ ግን ወፉ እንዴት እንደጦዘ አይሰማም። እኔ ሰምቻለሁ። ራሴን ነቀነቅሁ። እንደገና "ጥሪው!" አለኝ በጣቱ። ሳጥኗን መሬት ላይ አስቀምጬ እጄን አጣጠፍኩ።

ቤታችን ውስጥ ይህ መሣሪያ የታወቀ ነው። በትንሹ ነገር እጮኻለሁ፤ በትልቁ ግን ዝም ነው የምለው። ዝም ባልኩ በማግስቱ ሄርሼል ማንም ሳያዘው ዕቃ ያጥባል። ዝም አይነቅዝም። አውራ ሁሉ አንድ ነው፣ የፈለገ ይምጣ፣ ከበቂ በላይ ጠርቼዋለሁ፣ እኔ ለማንም አልሄድም አልኩ በልቤ።

ማዶው ጮኸ። ዝም አልኩ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተቆጣ። ዝም። ከዚያ እሱም ዝም አለ።

ረፋዱ ደረሰ። እግሬ ደንዝዟል፣ ጉንዳን ካልሲዬ ውስጥ ገብቶ ሽርሽር ይላል። ጆሮዬን ብተክል ምንም የለም፤ ውኃውና ግንደ ቆርቁር ብቻ። እንግዲህ ሄደ ማለት ነው። በእኔ ግትርነት፣ በመጨረሻው ጥሩ ጠዋት፣ እኔው አበላሸሁት። እሑድ ይመጣሉ፣ ጠመንጃውን ይወስዳሉ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ልነሳ ብዬ እጄን መሬት ላይ ተደገፍኩ።

የሄርሼል እጅ ጉልበቴን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ጫፍ አየኝ።

"ሄዷል" አልኩት በከንፈሬ።

"አለ" አለኝ በትንፋሹ።

ጆሮዬን ቀሰርኩ። ምንም!

"አለ" አለኝ ደግሞ። "ደረቴ ውስጥ ነው።"

አውራው ቀርቦ ደረቱን ሲነፋ አንድ ሌላ ድምፅ አለው፤ ወፍራም፣ ከኮረብታ ጀርባ እንዳለ የጭነት መኪና ሞተር ያለ፤ ከጆሮ ይልቅ አጥንት ነው የሚሰማው። ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ስንቶቹ ሳይሰሙት ከዛፉ ሥር ተነስተው ያባርሩታል። መጋዙ ከሄርሼል የወሰደው ቀጭን ቀጭኑን ነው፤ ወፍራሙን ትቶለታል። እኔ ግን ያን ድምፅ ያን ዕለት አልሰማሁትም፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ እስከ ዛሬም አልሰማሁትም።

አፈሙዙን ቀስ፣ ቀስ አድርጎ አዞረ፤ ወደ ግራ፣ እኔ ዞሬ እንኳ ወዳላየሁበት። ወንዙን በየት እንደተሻገረ እንጃ፤ ከቁጥቋጦው መሃል አንድ ቀይና ነጭ ራስ ቀና አለ። ተኩሱ ሸለቆውን ሞላው።

ሄርሼል እየሮጠ አልሄደም። ተራምዶ ሄዶ ተንበረከከ፣ ላባው ላይ እጁን ጫነ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጉንጩ እርጥብ ነው።

"ሰማሁት፣ ላቮን። ሰማሁት!"

"እኔ አልሰማሁም!"

"አውቃለሁ!" አለና እንደ ልጅ ሳቀ። እኔም በጭቃው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ።

ወፉን ተጋግዘን ተሸክመን ስንወርድ ዶይል በሩ ላይ መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ ነው። ተኩሱን ሰምቷል። ወፉን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይሄማ የወፍ ንጉሥ ነው!" አለና ወንድሙን አቀፈው። ማቀፉ ከልቡ ነበር፤ አልክደውም። "ማነው የጠራው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"አትቀልጂ!"

"ሳልጠራው ነው የመጣው እንኳ።"

ዶይል ራሱን እየነቀነቀ ሳቀና ክንዴን ያዝ አድርጎ ወደ ጎን ወሰድ አደረገኝ። "ላቮን፣ እንዲህ ባማረበት ነው ማቆም። በመዋረድ ሳይሆን በክብር። እሑድ በጠዋት ልጆቹ ሲመጡ ፎቶ ያነሱታል፣ ጠመንጃውን በእጁ ያስረክባል፣ አለቀ። አንቺ ብትነግሪው ይሰማሻል።"

አፌን ከፈትኩ። አፌን ታውቁታላችሁ። ግን ሄርሼል ቀደመኝ። የዶይል ድምፅ ደግሞ ወፍራም ነው፤ አንዷም ቃል አላመለጠችውም።

"ዶይል፣ ለኔ ንገረኝ። እዚህ ነው ያለሁት።"

ዶይል ክንዴን ለቀቀ።

"ዘንድሮ ያንተ ወፍ ላይ ገባሁ። ይቅርታ አድርግልኝ" አለው ሄርሼል። "ወደፊት የምንገባበትን አቅጣጫ ማታ ማታ ላቮን ትደውልልሃለች፤ ካንተ በኩል ዝር አንልም። ልጆቹ እሑድ ይምጡ፣ ይሄን ወፍ አብረን እንበላለን። ጠመንጃው ግን የትም አይሄድም። በጠዋት እንዳይመጡ ደግሞ ንገራቸው፤ ጠዋት ቤት የለንም።"

እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከሄርሼል አፍ ሲወጣ በትዳራችን ሰምቼ አላውቅም። ዶይል ያው እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ።

"ላቮን፣ ምን እያለ ነው?"

የወፉን እግር ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ጀርባዬ ያመኛል፣ እንቅልፌ መጥቷል፣ ቅዳሜና እሑድ ገና ከፊቴ ናቸው።

"ምነው ዶይል፣ አትሰማም እንዴ? ጠዋት ቤት የለንም።"